የባሕር ሸሹ ምርቃት

ቄስ ገብረየሱስ ምርቃት አያልቅባቸውም። ጨፌ ሚካኤል መንደር ከብት ሊከትብ የመጣ ሐኪም ሳይመረቅ አይወጣም፤ ግብር ሊሰበስብ የመጣ እንኳ ሳይመረቅ አይወጣም። አንድ ጊዜ መንገድ ስቶ መንደሩ የገባ የሲሚንቶ መኪና ሹፌር ጠላ ቀምሶ ሲነሣ «ያሰብኸውን ያሳካልህ፣ የጀመርኸውን ያስፈጽምህ» ተብሎ ነው የተሸኘው። ሹፌሩ ምን እንዳሰበ የጠየቀው የለም። ደግሞስ ማን ይጠይቃል? እዚያ አገር የበላ ይመርቃል፣ ያበላ ይመረቃል፣ የቀረው ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል። ምርቃት እንደ ጤፍ በወንፊት አይነፋም። ይኸው ያልተነፋ ምርቃት ነው አንድ አገር ያስወሰደው።

ልጃቸው እሌኒ ደብረ ታቦር ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት የአካባቢ ጉዳይ ባለሙያ ናት። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር፤ ደብረ ታቦር ትንሽ ከተማ ናት፣ ሰው ከሰው ይገናኛል። ሥራዋ ማንም ፋብሪካ ወይም ሕንፃ ልሥራ ብሎ ሲመጣ፣ ውሃውን ያበላሻል ወይ፣ ሰው ያፈናቅላል ወይ ብሎ ማየትና «ይፈቀድ» ወይም «አይፈቀድ» ብሎ ሐሳብ ማቅረብ ነው። «ይፈቀድ» ያለች ጊዜ ጎበዝ ባለሙያ ትባላለች። «አይፈቀድ» ያለች ጊዜ ግን ባሕርይዋ ይነሣል፤ ለምን እንዳላገባች ይነሣል፤ የማን ልጅ እንደሆነች ይነሣል።

በዚያ ዓመት «አይፈቀድ» ያለችው ጣና ዳር ሊሠራ የታሰበ ነገር ላይ ነው። አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ነው፤ ስሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ የጨፌ ሚካኤል ሰው «ኮምፒውተሮቹ» ብሎ ተገላገለ። ያሰቡት ኮምፒውተር የሚታጎርበት ትልቅ ቤት ነው። ኮምፒውተሩ ሌት ተቀን ስለሚሠራ ይግላል፤ ሲግል በሐይቁ ውሃ ይቀዘቅዛል። አጠገቡ ደግሞ ፊቱን ወደ ውሃው ያዞረ የመስተዋት ቤት ለእንግዶች ይሠራል። ለመንደሩ ሥራ ይመጣል፣ መብራት ይመጣል፣ ኢንተርኔት ይመጣል ተብሏል። ላም አለኝ በሰማይ።

ቦታው ደግሞ ባሕር ሸሽ ነው። ጣና ክረምት ሞልቶ ሜዳውን ይውጣል፤ ዝናቡ ሲያበቃ ቀስ እያለ ያፈገፍግና ጥቁር ለም ጭቃ ትቶ ይሄዳል። ሐይቁ የሸሸበት ስለሆነ ባሕር ሸሽ ይሉታል። መንደሩ በየዓመቱ ዕጣ ይጥልና ይከፋፈለዋል፤ ጓያ ይዘራበታል፣ ሽምብራ ይዘራበታል፣ ዝናብ ሳይመለስ ይታጨዳል። ውሃው ዘንድሮ የቆመበት ለከርሞ ስለማይቆም፣ ዕጣውም በየዓመቱ አዲስ ነው። መሬት የሌለው ወጣት በዚያ ይበላል። ባል የሞተባት ሴት በዚያ ትበላለች። የቄስ ገብረየሱስ ጎረቤት እመቤቴ፣ እሌኒን አዝላ ያሳደገችው፣ ከዚያ ጭቃ በቀር በዓለም ላይ አንድ ስንዝር የላትም።

ኩባንያው ይህን ሲሰማ ሳቀ አሉ። «የማነው? የይዞታ ደብተር ያለው ይምጣ» አለ። ደብተር ያለው የለም። ግማሽ ዓመት ውሃ፣ ግማሽ ዓመት መሬት ለሆነ ነገር ማን ደብተር ይሰጣል? እሌኒ ግን የያዘችው አንድ ነገር ነበረ። ደንቡ የሚለው ደብተር ያለውን አስፈቅዱ አይደለም፤ በቦታው የሚጠቀመው ሕዝብ ይስማማ ነው። ሕዝቡ ካልተስማማ ፈቃድ የለም። በዚህች አንዲት መስመር ማመልከቻውን መለሰችው። ደግመው አስገቡ፣ ደግማ መለሰችው።

በሦስተኛው ኩባንያው ብልሃት አገኘ። ይርዳው የሚባል የእብናት ልጅ «የማኅበረሰብ ግንኙነት ኃላፊ» ብሎ ቀጠረ። የእህል ነጋዴ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል፤ ቄስ ሲያይ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ሽማግሌ ሲያይ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ጾሙን ይጾማል፣ የበዓሉን ቀን ያውቃል። ሲያደርገው ደግሞ ለማስመሰል አይደለም፣ የምሩን ነው። ክፋቱ እሱ ላይ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሉ የለም?

*

አንድ ቀን ጠዋት አለቃዋ አቶ ደሳለኝ ቢሮው አስጠራትና ስልኩን አቀበላት።

«እስቲ ይህን ተመልከቺ» አላት።

ተመለከተች። የጨፌ ሚካኤል ቅጥር ግቢ ነው፤ ትልቁ ሾላ ሥር ሕዝቡ ተሰብስቧል። መካከል ላይ አባቷ ቆመዋል፤ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው በዚያ በምታውቀው ዜማ መሳይ ድምፃቸው ይመርቃሉ። «ከሰጭው እጅ አያጉድል። ክፉ አይንካችሁ። ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ፣ የጀመራችሁትን ያስፈጽማችሁ። ከሐይቁም ከየብሱም በረከቱን ያግባላችሁ።» በየመካከሉ ሕዝቡ «አሜን» ይላል። ስልኩ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ይዞራል፤ እጁን ያልዘረጋ የለም። እመቤቴም አለች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ከሁሉም አስረዝማ አሜን ትላለች። ከፊት ወንበር ላይ ከአዲስ አበባ የመጡት የኩባንያው ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ተመራቂዎች ሆነዋል።

እሌኒ ፊቷ ጋለ።

«ሕዝቡ አልተስማማም ብለሽ መልሰሽው ነበር» አለ ደሳለኝ። «ከዚህ በላይ እንዴት ይስማማ? ቄሱ አባትሽ ናቸው አይደል?»

«አባቴ ናቸው። ግን ይህ ምርቃት ነው እንጂ ስምምነት አይደለም። እርስዎ የፋርጣ ሰው ነዎት፣ ይህ ይጠፋዎታል?»

«አይጠፋኝም። እኔን ከላይ የሚደውልልኝ ሰው ግን የፋርጣ ሰው አይደለም።»

ደሳለኝ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ እፎይ ነበር፤ ሰው ክፉን ጠልቶ ያርፋል። እሱ ሰበብ ፈላጊ ነው። ከወዲህ እሌኒ ይዛዋለች፣ ከወዲያ ስልኩ ይጮኻል፤ ቀድሞ ሰበብ ለሰጠው ያድራል። ሆኖም ስትለምነው እሺ አላት። የፈቃድ ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት ቄሱ ራሳቸው መጥተው ይናገሩ፣ የተናገሩት ይያዝላቸዋል አለ። «ግን ቁርጥ ያለ ነገር ይናገሩልኝ» አላት። «ቁርጥ ያለ ነገር ካገኘሁ እኔም የምለው አለኝ።»

*

በማግሥቱ በሐሙሲት በኩል ወደ ጨፌ ሚካኤል ወረደች። ከሚኒባስ ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ በእግር። መንገዱን ሙሉ አባቷን ስትቆጣ ሄደች፤ ደርሳ ስታያቸው ግን በረንዳ ላይ ተቀምጠው የተበጠሰ ጫማቸውን ይሰፋሉ። ቁጣው ግማሽ ሆነ።

«አባየ፣ ኮምፒውተሮቹን መረቁ አሉኝ።»

«መረቅኋቸው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሰንጋ ይዘው መጡ። ለኅዳር ሚካኤል። ከአንበሳሜ ገበያ የተመረጠ ሰንጋ። ሕዝቡን አበሉ። አልመርቅ?»

«ስለ መሬቱስ?»

«ስለ መሬቱማ እምቢ አልናቸው።»

እሌኒ ቁጭ አለች። አባቷ ጫማውን አስቀምጠው የሆነውን ሁሉ ነገሯት። ገና ሰንጋው ሳይታረድ ይርዳው ተነሥቶ የመጡበትን ተናገረ። ከዚያ አለሙ፣ የዕጣው ዳኛ፣ ብድግ ብሎ «ውሃው የሚሸሸው ለእኛ ነው፤ ለእናንተ ሲል አልሸሸም» አለ። እመቤቴም ተነሥታ ተናገረች፤ እያለቀሰች ተናገረች። አንድም ሰው እሺ ያለ የለም። ይርዳው እጁን አጣምሮ ሰማና «የአባቶቼን ቃል አደርሳለሁ» አለ። ከዚያ ተበላ። ሲበላ ሁሉም ሳቀ፣ ይርዳው ለሽማግሌዎች በእጁ አጎረሰ። ሲበቃ «አባ፣ እንግዲህ ይመርቁን» አለ።

«እምቢ ስትሉ ግን ስልኩ የት ነበረ?»

ቄሱ አሰብ አደረጉ። «ይርዳው ኪስ ውስጥ» አሉ። «ለምርቃቱ ነው ያወጣው። ለበረከት የፈለገው መስሎኝ።»

«አባየ፣ እንዲያው ምርቃቱን ትንሽ ለካ ቢያደርጉት ምን ነበረበት?»

«ምርቃት ይለካል? እጀ ጠባብ ነው?» ተቆጡ። «በልቼ ዝም ልበል? የበላበትን ወጭት ሰባሪ ልባል?»

ይህን ሲሉ እመቤቴ በአጥሩ ቀዳዳ አልፋ መጣች። እሌኒን ሳመቻት፣ አገላብጣ ሳመቻት፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያንን የሚያናድድ ነገር ተናገረች።

«እሌንየ፣ እንዲያው አትድከሚ። እኛ አሜን ብለናል። ሚካኤል ደጅ፣ በቀኑ፣ ሕዝብ ሁሉ አሜን ብሏል። አሜን ያሉበትን አፍርሶ መልሶ እምቢ ማለት መዘዙ ለልጅ ይተርፋል። አለሙም ይኸንኑ ነው የሚለው። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የለውም።»

እሌኒ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ኩባንያው ባይዛቸው እንኳ አሜናቸው ይዟቸዋል! «ምን አሜን አሜን ትሉኛላችሁ!» አለች። «የተባለውን ሳትሰሙ ነው አሜን የምትሉት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ! ሰው እንዴት የሚለውን ሳያውቅ አሜን ይላል? መሬታችሁን ሲሸጡባችሁም አሜን፣ ስትቀበሩም አሜን!»

አባቷ በሐዘን አዩዋት። እመቤቴ ግን አልተቀየመችም፤ ያዘለች ሰው አይቀየምም።

«አንችስ ሳትይ ቀርተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

«እኔ የምለውን አውቃለሁ» አለች እሌኒ።

ያም ሆኖ አባቷን አሳመነች። ደብረ ታቦር መጥተው፣ ምርቃቱ ለሰዎቹ እንጂ ለመሬቱ እንዳልነበረ፣ ሕዝቡ ስለ መሬቱ እምቢ እንዳለ ይናገራሉ። ቄስ ገብረየሱስ እንደዚህ ያለ ነገር አይወዱም፤ ግን እውነት ስለሆነ እሺ አሉ። «እውነቱን ለመናገር እግሬ አይከብደኝም» አሏት። እመቤቴም አሜን ልትል ምንም አልቀራትም፤ እሌኒን አይታ ዋጠችው።

*

ስብሰባው በታኅሣሥ ነበር። ከጉና የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። አባቷ ዋዜማውን መጥተው እሷ ቤት አደሩ፤ ጠዋት ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው አብረው ወጡ።

«አባየ፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ» አለቻቸው ባጃጅ ውስጥ። «ዛሬ ምርቃት የለም።»

«የለም» አሉ።

ባጃጁ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ አወረዳቸው። ቄሱ ዘወር አሉና ሹፌሩን «ውጣ ግባ ይበልህ፣ ያሰብኸውን ያሳካልህ ልጄ» አሉት። እሌኒ አፈጠጠችባቸው።

«ይኸ ልጅ ደግሞ ምን አደረገ?» አሉ።

ሳቀች። በዚያ ሳምንት የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

አዳራሹ ውስጥ የኮሚቴው አባላት በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ደሳለኝ ሰብሳቢ ነው። ይርዳው ቄሱን ሲያይ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እየተቻኮለ መጣ፣ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፣ መስቀላቸውን ተሳለመ፣ እጃቸውን ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ ጋቢያቸው መሬት እንዳይነካ ጫፉን ሰበሰበላቸው። እሌኒ ጥርሷን ነከሰች። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ትጠላዋለህ? እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው።

ደሳለኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባ፣ ለኅዳር ሚካኤል ኩባንያውን መርቀዋል?»

«መርቄአለሁ።»

«ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

ይርዳው አንገቱን ደፋ። ከአባላቱ አንዱ ብዕሩን አነሣ።

«አንድ ነገር ልጨምር» አሉ ቄስ ገብረየሱስ። «እኔ ሌባም ቢሆን ቤቴ ገብቶ እህል ከቀመሰ መርቄ ነው የምሸኘው። በሬየን ንዳው ማለቴ ግን አይደለም። ምርቃት ለሰው ነው፤ የሰው ልጅ ነውና ይመረቃል። መሬቱ ሌላ ነገር ነው። ስለ መሬቱ አለሙ ተነሥቶ እምቢ ብሏል፣ ሕዝቡም ከእሱ ጋር እምቢ ብሏል፤ ሰንጋው ሳይታረድ። ይኸ ልጅ እዚህ አለ፤ መስቀሌን የሳመ ልጅ ነው፤ ይጠየቅ።»

ሳቅ የመጣባቸው ነበሩ፤ ከአባላቱ አንዷ ሴትዮ ግን አልሳቀችም፤ ደጋግማ ራሷን ነቀነቀች። ደሳለኝ ወደ ይርዳው ዞረ። «እምቢ ብለዋል?»

ይርዳው ቄሱን አየ፣ መስቀሉን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ። «የተነሡ ሥጋቶች ነበሩ» አለ።

«ሥጋት ነው ወይስ እምቢታ?» አለች ሴትዮዋ።

ይርዳው ኮፍያውን በእጁ አሽከረከረ። መዋሸት አልቻለም፤ እውነቱንም መናገር አልቻለም። እሌኒ ጉልበቷ ላይ ያለው እጇ ሲላላ ተሰማት። ያ ሁሉ ወር የተሸከመችው ነገር ሊወርድላት ነው። እመቤቴ ዘንድሮ ዕጣ ትጥላለች፤ ለከርሞም ትጥላለች። ደሳለኝ እንኳ እፎይ ያለ ይመስል ነበር፤ ቁርጥ ያለውን ነገር አገኘ። «በቂ ነው» አለ። «ኮሚቴው ይመካከራል።» ወረቀቱን ሰበሰበ፤ ወንበሮች ተንቋቁ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረ! ደሳለኝም በክፋት አላደረገውም፤ አሁንም ድረስ በልማድ ነው ይላል፣ ሳይሆንም አይቀርም። አንድ ሽማግሌ ቄስ ቆላ ወርዶ ደጋ ወጥቶ ቢሮህ ድረስ መጥቶ እንዲሁ አይሸኝም።

«አባ» አለ፣ «እዚህ ድረስ ደክመው መጥተው እንዲሁማ አይሄዱም። ይመርቁን።»

ሁሉም ብድግ አለ። እሌኒም ተነሣች፤ አባቷን አየቻቸው፣ አባቷም አዩዋት። ራሷን በትንሹ ወዘወዘች። ግን እንዴት ይሆናል? ሰው ሁሉ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን ዘርግቶ ቄስ እምቢ ይላል? ቄስ ገብረየሱስ መስቀላቸውን አወጡ። እየለኩ ጀመሩ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምርቃት እየለኩ ጀመሩ።

«እግዚአብሔር እውነቱን ይግለጽላችሁ።»

«አሜን።»

«ፍርዳችሁን የቀና ያድርግላችሁ።»

«አሜን።»

«ድሀው እንዳይገፋ ጠባቂ ያድርጋችሁ።»

«አሜን» አለች እሌኒም፤ ጮክ ብላ አለች። እንዲህ ነው እንጂ አባየ አለች በልቧ። ኮራች። ዓይኗን ጨፈነች። የአባቷ ድምፅ ልጅ ሳለች ጀምሮ ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ፣ ስትታመም፣ ለዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ራሷ ላይ ሲወርድ የኖረው ድምፅ ነው፤ ስትሰማው ትከሻዋ ይወርዳል። ድምፁም ሙቀት አገኘ፣ መንገዱን አገኘ።

«ክፉ አይንካችሁ።»

«አሜን።»

«ከመንገድ እንቅፋት፣ ከሰው ምቀኝነት ይሰውራችሁ።»

«አሜን።»

«ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ፣ የጀመራችሁትን ያስፈጽማችሁ።»

«አሜን» አለ አዳራሹ። «አሜን» አለች እሌኒ፣ እንደ እመቤቴ አስረዝማ።

ያለችውን የሰማችው ካለችው በኋላ ነው። ዓይኗን ስትገልጥ አባቷ መስቀሉን ከፍ እንዳደረጉ ቆመዋል፤ አፋቸው ተከፍቷል፤ ከአፋቸው የወጣውን እሳቸውም ገና መስማታቸው ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ይርዳው ስልኩን ወደ ኪሱ ሲመልስ አየችው።

*

ውሳኔው በሳምንቱ ተሰማ። ፈቃዱ ተሰጥቷል። ደሳለኝ ራሱ ቢሮዋ መጥቶ ነገራት፤ መቼም ለዚህ አይታማም፣ ፊት ለፊት ነው የነገራት።

«የአባቴ ቃልስ?» አለች።

«ቃላቸውንም ሰማን፣ ምርቃታቸውንም ሰማን። የኋለኛው የትኛው ነው? ቄሱ ተጠርተው መጥተው፣ ነገሩን አውቀው፣ ኩባንያው ፊታቸው ቆሞ፣ እንደገና ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ ብለዋል ነው የሚሉት። ከላይ ያሉት ቪዲዮውን አይተውታል።»

«ልማድ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ! ያውቃሉ እኮ አቶ ደሳለኝ!»

«አውቃለሁ» አለ። በሩን ይዞ ቆመ፤ ለመሄድም ለመቆየትም ያልወሰነ ሰው ነው። «እሌኒ፣ አባትሽ ሽማግሌ ናቸው፣ አፋቸው ለምዷል እላለሁ። አንቺ ግን ባለሙያዋ ነሽ። ከጎኔ ነበርሽ፣ አሜን ስትዪ ሰምቼሻለሁ። እነሱም ሰምተውሻል። ያኔ ዝም ብትዪ ኖሮ፣ ባለሙያዋ ግን አልተቀበለችም የምልበት አንድ ነገር በእጄ ነበረ።»

ደሳለኝ ዋሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ዝም ብትልም ሌላ ሰበብ ይፈልግ ይሆናል። ግን ይህን ሰበብ የሰጠችው እሌኒ ናት። ጨፌ ሚካኤል በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሕዝብ የሰደበችበት አፏ ነው የሰጠው። ያን ቀን ራሷን እንደጠላች ማንንም አልጠላችም፣ ይርዳውንም ጭምር።

በጥር ባሕር ሸሹ ታጠረ። ዕጣ አልተጣለም። አለሙ እንደ ወትሮው በቀኑ ወርዶ፣ የቆርቆሮ አጥሩን ዳር ዳሩን ሄዶ፣ ለማንም ምንም ሳይናገር ተመለሰ። እመቤቴ ለዘር ያስቀመጠችውን ጓያ አስፈጭታ ሽሮ አደረገችው። ዘር መብላት ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቀዋል። ያም ሆኖ ማንም በኩባንያው ላይ ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ቄሱን የሚያማ ግን አልጠፋም። «አንድ ጊዜ አልበቃ ብሏቸው ሁለት ጊዜ መረቁላቸው» ተባለ። «ልጅቱም ከተማ ስብሰባ ላይ አሜን ብላለች አሉ» ተባለ። አፍ አይያዝም።

እሌኒ ለጥር ሚካኤል ወረደች። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሾላው ሥር ተቀመጠ፣ የዝክሩ ጠላና ዳቦ ተበላ፣ ሲያበቃ ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። ቄስ ገብረየሱስ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። ቆይተው «አቡነ ዘበሰማያት በሉ» አሉና ተቀመጡ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላ አንድ ወጣት ቄስ ተነሥቶ መረቀ፤ አሜን ተባለ፤ ግን የቀዘቀዘ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይኸው ወጣት ነው የሚመርቀው። አባ ኮርተዋል የሚል አለ፣ አባ ታመዋል የሚል አለ። ምንም አልታመሙም።

በማግሥቱ ልትሄድ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። መንገዱ ዳር ባጃጁ ቆሟል። በሩ ላይ እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ አለች፤ አባቷም እንደ ሁልጊዜው መስቀሉን ራሷ ላይ አኖሩ። ጠበቀች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከዚያ በር ያለ ምርቃት ወጥታ አታውቅም፤ ፈተና ያለፈችው፣ ሥራ የያዘችው በእሱ እየመሰላት ነው የኖረችው። መስቀሉ ቀዝቃዛ ነበር። አባቷ ምንም አላሉም።

«አባየ» አለች ጎንበስ እንዳለች።

«አቤት።»

«አይመርቁኝም?»

መስቀሉን ከራሷ ላይ አነሡ።

«ምን ብየ?» አሏት።

እሌኒ አሰበች። ምን ብለው? ያሰብሽውን ያሳካልሽ? ቀና ብላ አየቻቸው። ባጃጁ ጡሩምባውን ነፋ፤ ጉንጫቸውን ስማ ሻንጣዋን አነሣችና ሄደች።